ጥሩ መምህር በምን ይታወቃል?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ይህን ሲጠይቀኝ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማረን ህንዳዊ ትዝ አለኝ። ያኔ ህንዳውያን መምህራን በየትምህርት ቤቱ ነበሩ። የእኛው ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲጨርስ እጁን ከጠመኔ እያራገፈ "ያላመነኝ ማነው?" ይለናል። እኛ አቀርቅረን እንገለብጣለን። አንዳችንም "እኔ" ሳንለው ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ገባ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ናሬንድራናት ዳታ የነገረን እሱ ነው። በኋላ ስዋሚ ቪቬካናንዳ የተባለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ካልካታ የተወለደ የጠበቃ ልጅ፣ ኮሌጅ የገባ፣ ነገር በቀላሉ የማይዋጥለት። የሃይማኖት ሰው ባገኘ ቁጥር "እግዚአብሔርን አይተኸዋል?" እያለ ያፋጥጣል። ያድበሰብሱበታል። በመጨረሻ ሁግሊ ወንዝ ዳር ካለው የዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ ራማክሪሽናን አገኘ። ቀለም ብዙም ያልቆጠረ ካህን ነው። "አዎ፣ አንተን እንደማይህ አየዋለሁ፤ እንዲያውም ከዚያ አጥርቼ" አለው።

ልጁ በዚህም አልረካም። ራማክሪሽና ገንዘብ መንካት አይሆንለትም ይባል ነበር። ናሬን ሊያጣራ ፈለገና ሰውየው በሌለበት አንዲት ሩፒ ፍራሹ ስር ሸጎጠ። መምህሩ ተመልሶ ገና አልጋውን ሲነካ እንደተወጋ ሰው ዘሎ ተነሳ። አልጋው ሲፈተሽ ሳንቲሟ ተገኘች። ተማሪው ጸጥ። መምህሩ ተቆጣ? ጭራሽ! ገንዘብ መንዛሪ ሳንቲም እንደሚፈትሽ እኔንም ፈትሹኝ የሚል ሰው ነበር።

ታሪኩን እመኑ አላልኩም። እኔ ማተቤን ያሰርኩ ሰው ነኝ። የሚገርመኝ መፈተኑን መውደዱ ነው። እናንተ ግን ቲክቶክ ላይ "ሕይወትህን በ30 ቀን እቀይርልሃለሁ" ለሚል ሰው ትከፍላላችሁ። አንድ ጥያቄ ኮሜንት ላይ ጻፉለትና ብሎክ ሳያደርጋችሁ ቢያድር! ይህን እያልኩ እኔ ራሴ ሐኪሜን "ለምን?" ብዬው አላውቅም። የሰጠኝን ኪኒን እውጣለሁ።

በ1884 የናሬን አባት ሲሞቱ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ገባ። ናሬን በባዶ እግሩ፣ በባዶ ሆዱ ሥራ ፍለጋ ከተማውን አካለለ። መምህሩ "ሂድና ካሊን ለምናት" አለው፤ የቤተ መቅደሱን እንስት አምላክ ማለቱ ነው። በጣዖት ሲስቅ የኖረው ልጅ ሦስት ጊዜ ገባ። ሦስቱንም ጊዜ ገንዘቡን ትቶ እውቀት ለመነ። ከዚያ ወዲያ ልቡ ተሸነፈ።

ቀሪውን ታውቁት ይሆናል። በ1893 ቺካጎ ለሃይማኖቶች ጉባኤ ሲሄድ የያዘውን አድራሻ ጣለ፤ ባቡር ጣቢያ ባዶ ፉርጎ ውስጥ አደረ። ጉባኤው ላይ "የአሜሪካ እህቶቼና ወንድሞቼ" ብሎ ሲጀምር አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ዛሬ ህንድ የልደቱን ቀን፣ ጃንዋሪ 12ን፣ የወጣቶች ቀን ብላ ታከብራለች። በ39 ዓመቱ ነው የሞተው። በ1897 ያቋቋመው ማኅበር ግን ዛሬም ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያስተዳድራል። ስሙ ራማክሪሽና ሚሽን ነው፤ ያንን ሁሉ በፈተነው መምህሩ ስም።