ክረምት ሲገባ የሚጣበቀው ቁልፍ፦ የፒያኖ ጥገና ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ እትም የተመረጡት ጥያቄዎች በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቆመው አፕራይት ፒያኖ ናቸው። ግራንድ ፒያኖ ያላችሁ ስለ እርጥበትና ስለ ክር የተጻፈውን ለእናንተም ውሰዱት፤ ስለ መዶሻው አሠራር የተባለው ግን አይመለከታችሁም።

ጥያቄ፦ ፒያኖአችንን ግንቦት መጨረሻ ላይ አስቃኘን። ነሐሴ ላይ ልጄ ስትለማመድ የመሃሉ ድምፅ ከባሱ ጋር አልገጥም አለ። አሁን ጥር ላይ ደግሞ ሁሉም ወርዷል። ሰውየው በደንብ አልሠራም ማለት ነው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሰውየው አይፍረዱ። ከክሮቹ ጀርባ ያለው ሰፊ የድምፅ ሰሌዳ ከስፕሩስ እንጨት የተሠራ ነው፤ ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ወደ ክሮቹ ይገፋል። በላዩ የተጣበቀው ድልድይ (ብሪጅ) ክሮቹን ይወጥራል፣ ድምፁም (ቅጥነቱ እንጂ ጩኸቱ አይደለም) ከፍ ይላል። በበጋ ሲደርቅ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ክሮቹም ይላላሉ። ለውጡ በሁሉም ላይ እኩል ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ባላወቀው ነበር። ነገር ግን ከባሱ ቀጥሎ ያሉት የመሃል ክሮች ከሌሎቹ ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ። የልጅዎ ጆሮ ያገኘው ይህንኑ ነው።

ስህተቱ ያለው በወሩ ላይ ነው። ክረምት ዋዜማ ላይ ማስቃኘት ገንዘብ ማባከን ነው። ወቅቱ ከተለወጠ በኋላ እንጨቱ እስኪረጋ 3 ወይም 4 ሳምንት ይጠብቁ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚችሉ ከሆነ ሐምሌ መጨረሻ እና ኅዳር ላይ ያስቃኙ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ኅዳርን ይምረጡና በየዓመቱ ከዚያ ወር አይውጡ።

የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ፒያኖው አጠገብ ያስቀምጡ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ራሱ ይልቅ ግን መውጣት መውረዱ ነው የበለጠ የሚጎዳው። ፒያኖውን ከሚያልበው የውጭ ግድግዳ፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከወጥ ቤት በር ያርቁት። ከግድግዳውም ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ። አንዳንዶች በክረምት ውስጡ አምፖል ያበሩበታል፤ አቧራና ሱፍ ባለበት ሳጥን ውስጥ ይህ እሳት መጋበዝ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ 25 ዋት ገደማ የሚወስድ የማሞቂያ ዘንግ አለ። እሱም ቢሆን እርጥበት ሲቀንስ ራሱን ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ጋር ካልተገጠመ በበጋ ያደርቀዋል።

ጥያቄ፦ ክረምት በገባ ቁጥር 10 የሚሆኑ ቁልፎች ተጭነው ይቀራሉ። አንድ ወንድም ለበር ማጠፊያ የሚረጨውን ዘይት ነፋበት። ለሁለት ሳምንት ደህና ሆኖ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ባሰበት። (የመዘምራን አገልጋይ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዘይቱ ይቅር፤ ሌላ ጊዜም አይደገም። ፒያኖ ውስጥ እንደ በር ማጠፊያ ብረት ከብረት አይፋተግም። ቀጭን የብረት ዘንግ በሱፍ ጨርቅ በተለበጠ ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚዞረው። ሱፉ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆይቶም እንደ ሙጫ ይይዛል።

መጀመሪያ የተያዘው የቱ እንደሆነ ይለዩ። የላይኛውን ክዳን ይክፈቱ፣ የፊት ሰሌዳውን በግራና በቀኝ ያሉትን መያዣዎች ፈተው ያንሱ። ቁልፉ ተጭኖ በቀረበት መዶሻውን በጣት ወደ ኋላ ይግፉት። መዶሻው በነፃነት ተመልሶ ቁልፉ ብቻ ከቀረ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። መዶሻው ራሱ እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ የመዶሻው ማዞሪያ (ዘንጉ የሚዞርበት ትንሽ እንጨት) ላይ ነው።

ቁልፉ ከሆነ ከቀላሉ ይጀምሩ። በቁልፎች መካከል የወደቀ ሳንቲም ወይም እርሳስ ይፈልጉ፤ ይህ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ቀጥሎ ከቁልፎቹ ፊት ያለውን ረጅም ጣውላ ይመልከቱ፤ አብጦ የቁልፎቹን ግንባር ይነካል። ብሎኖቹን አላልቶ ጫፎቹ ላይ ወፍራም ወረቀት መደርደር ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ካልሆነ ቁልፉን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያውጡት፤ ካጋደሉት የመሃል ቀዳዳው ይሰነጠቃል። ከፊትና ከመሃል በሱፍ የተለበጡ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ሱፉን ለዚህ በተሠራ ጠፍጣፋ ፒንሳ በስሱ ጫን አድርገው ይልቀቁት። ቁልፉ ሲመለስ በራሱ ክብደት ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚኖረው ክፍተት ግን ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ክረምት ላይ አብዝቶ ያሰፋ ሰው በበጋ ሲንኳኳ ይሰማዋል።

መዶሻው ከሆነ ብሎኑን ፈትተው ያውጡትና ማዞሪያውን ይዘው ያወዛውዙት። ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተወዛወዘ ደህና ነው፤ አንዴ ብቻ ሄዶ ከቆመ ጠብቋል። ዋናው ሕክምና 1.3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነችውን ዘንግ አውጥቶ ሱፉን ማስተካከልና በልክ ሌላ ማስገባት ነው። ለጊዜው ግን እኩል አልኮልና ውሃ ተደባልቆ በስሪንጅ መርፌ በዘንጉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ጠብታ ይደረግበታል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ ከሆነ ለ10 ሚሊሊትር አልኮል 4 ሚሊሊትር ውሃ ይጨምሩ። ሱፉ አብጦ በዘንጉ ላይ ይጫናል፣ ሲደርቅም ሰፍቶ ይቀራል። ስለዚህ 24 ሰዓት ሳይነካ ይዋል ይደር።

ዘይት የጠጡት 10 ቁልፎች ግን በዚህ አይድኑም። መዶሻዎቹን አውጥቶ፣ ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ፣ በላይተር ቤንዚን ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ይሞከራል። ካልሆነ ሱፉም ዘንጉም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ከ15 ዓመት በላይ ሳይቃኝ የቆየ ፒያኖ ተረከብን። ከኪቦርድ ጋር ሲነካ ግማሽ ቶን (ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው የድምፅ ርቀት) ዝቅ ይላል። ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል? (የሙዚቃ አስተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ይቻላል፤ የሚጫነውን ሸክም ግን አስቀድመው ይወቁት። ከመሃል ዶ በላይ ያለው ላ 440 ሄርዝ ነው፤ ግማሽ ቶን ሲወርድ 415 ገደማ ይሆናል። የክር ውጥረት በድምፁ ቁጥር ካሬ ልክ ስለሚያድግ ለመመለስ 12 በመቶ ተጨማሪ ውጥረት ያስፈልጋል። 230 ገደማ ክሮች በድምሩ የ18 ቶን (18,000 ኪሎ) ክብደት ያህል ስለሚስቡ፣ በዚያ አሮጌ ሳጥን ላይ 2 ቶን ሊጨምሩ ነው።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ባትሪ አብርተው ይመርምሩ። የብረት ክፈፉ ላይ ስንጥቅ አለ? ድልድዩ በሚስማሮቹ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል? ክሮቹ በፒኑ (ክሩን በሚወጥረው የብረት ችካል) ላይ በተጠመጠሙበት ቦታ ዝገታቸው ይላጣል? ለአንዱም እንኳ አዎ ካሉ ባለበት፣ በ415፣ ይቃኙት። ኪቦርዱን በትራንስፖዝ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ክፈፍ ከመስበር ይሻላል።

ደህና ከሆነ መነጽር ያድርጉ። እያንዳንዱን ክር ከመሳብዎ በፊት በጥቂቱ ወደ ታች ያላሉት፤ ትንሽ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ዝገቱ ክሩን ለቋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ለጥራት ሳይጨነቁ ፈጠን ብለው ሁሉንም ያንሱ። የኋላኞቹ ሲወጠሩ ሰሌዳው ስለሚሰምጥ የፊተኞቹ ይወርዳሉ፤ ለዚህ ከሚፈለገው አሳልፈው ይስቡ። በመካከለኛው ክፍል የጎደለውን ሩብ ያህል፣ ከላይ እስከ ሲሶ፣ በባሱ ከዚህ ያነሰ። ግማሽ ቶን ሙሉ ሲሆን ግን ይህን በአንድ ዙር ከማድረግ በሁለት መክፈል ለክሩ ይራራል። በመጨረሻው ዙር በጥንቃቄ ይቃኙ፣ ከ3 ሳምንት በኋላም ይድገሙት።

ክር ከተበጠሰ የጊታር ክር አያስገቡበት። ያልተጠመጠመው የጊታር ክር አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም፤ የፒያኖ ክር ግን በላይኛው ጫፍ 0.8፣ ወደ መሃል ሲወርድ 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ነው። የተበጠሰውን በማይክሮሜትር ለክተው በልኩ የፒያኖ ሽቦ ይግዙ። ከፒኑ 7 ሴንቲሜትር ያህል አሳልፈው ይቁረጡ፤ ሦስት ዙር ጥቅልል የሚወጣው ከዚያ ነው። አዲሱ ክር ለወራት እየረዘመ ይወርዳል፤ ጉድለት አይደለም።

ጥያቄ፦ አያቴ የተዉልን ፒያኖ ተዘግቶ ቆይቷል። ስንከፍተው ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ሱፍ ብል በልቶታል፣ አይጥም ጎጆ ሠርቶበታል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ማስክና ጓንት አድርጋችሁ ጀምሩ። የአይጡን ቆሻሻ በደረቁ አትጥረጉ፤ በውሃና በረኪና አርጥባችሁ አንሱት። ቁልፎቹን ከማውጣታችሁ በፊት ከ1 እስከ 88 ቁጥር የተመታባቸው መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሌለ በእርሳስ ጻፉ። ሥሩን በቫኪዩም ጠርጉ። ናፍታሊን ውስጡ አትበትኑ፤ ብል ጨለማና ጸጥታ ነው የሚወደው፣ በየቀኑ የሚነካ ፒያኖ ላይ እምብዛም አይራባም።

የተበላው ሱፍ በሙሉ ይቀየር፤ ግማሹን መቀየር ቁልፎቹን እንደ ደረጃ ያደርጋቸዋል። ከዚያ ሥራው በቅደም ተከተል ነው፦ ቁልፎቹ እኩል ቁመት ይያዙ፣ ሲጫኑ 10 ሚሊሜትር ይውረዱ፣ በቁልፉና በመዶሻው መካከል ያለው ባዶ እንቅስቃሴ ይጥፋ፣ መዶሻው ከክሩ 45 ሚሊሜትር ርቆ ይረፍ፣ ክሩን ሊነካ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ይለቀቅ። አንዱ ሲነካ ቀጣዩ ስለሚዛባ ከመሃል መጀመር ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ጥያቄ፦ «በነፃ ውሰዱ» የሚል ማስታወቂያ አይተን ፒያኖ አመጣን። ተቃኝቶ በሳምንቱ ይፈታል። (ከዴንቨር)

መልስ፦ የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፣ በቅዝቃዜው ወራት ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ ይብስበታል። ፒኖቹ የተተከሉበት ድርብርብ እንጨት ሲደርቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ፒኑ በመፍቻ ሲዞር እንደ ቅቤ ከሄደ ከ4 ኒውተን ሜትር በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ያ ክሩን አይዝም።

የላሉት ጥቂት ከሆኑ በቁጥር አንድ የሚበልጥ ፒን ይገባል፤ ልዩነቱ 0.12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብዙ ከሆኑ ፒያኖው በጀርባው ይተኛና ውሃ የመሰለ ቀጭን ሱፐር ግሉ በእያንዳንዱ ፒን ሥር፣ እንጨቱ መጠጣት እስኪያቆም፣ በጠብታ ይሰጠዋል። ክብደቱ ከ200 ኪሎ ስለሚበልጥና ከላይ ስለሚከብድ ለሁለት ሰው አይሆንም። መስኮት ይከፈት፣ ዓይን ይሸፈን፣ ከማቆማችሁ በፊት በደንብ ይድረቅ። ለነፃ ፒያኖ ይህ ተገቢ ጥገና ነው። እንጨቱ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን የሚወጣው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ ያኔ ተዉት።

ጥያቄ፦ ፒያኖ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ይቃኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መቀየር አያስፈልገውም። አንቺ ሆዬን ከዶ ብትጀምሩ ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው፤ አምስቱም ቁልፎች ላይ አሉ። ከማሲንቆው ጋር ሲነካ የሚሰማው ጥቂት መገፋፋት ማሲንቆ ተጫዋቹ በጣቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ለአንድ ዝግጅት ብሎ ፒኖቹን ማውጣትና ማውረድ ግን ፒያኖውን ለወራት ያናጋዋል።

ጥያቄ፦ ጊታር እቃኛለሁ፤ የፒያኖ ቃኚ መሆን እፈልጋለሁ። ስልኬ ላይ ያለው መቃኛ ይበቃኛል? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃህም። የፒያኖ ክር ወፍራምና ግትር ስለሆነ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚሰሙት ተከታይ ድምፆቹ ከስሌቱ ከፍ ይላሉ፤ ስለዚህ ኦክታቮቹ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያሉት ርቀቶች) ይለጠጣሉ። የላይኛው ጫፍ በስሌት ከሚገኘው 30 ሴንት ያህል ከፍ ሊል ይችላል፤ ሴንት ማለት የግማሽ ቶን መቶኛ ነው። የጊታሩ መቃኛ ይህን አያውቅም። ለፒያኖ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ጆሮህን አይተኩልህም።

በመጀመሪያ የሚያስፈልግህ ባለ ኮከብ አፍ የመቃኛ መፍቻ፣ አራት አምስት የጎማ ሽብልቅ፣ አንድ ረጅም የፌልት ጥብጣብና 440 ሄርዝ ሹካ ነው። በጋራዥ መፍቻ ወይም በፒንሳ አትሞክር፤ የፒኑ ራስ ወደ ጫፉ የሚቀጥን አራት ማዕዘን ስለሆነ ጥጉን ትበላዋለህ።

ልምምዱን ከአንድ ድምፅ ሦስት ክሮች ጀምር። አንዱን በሽብልቅ ዝጋና ሁለቱን አመሳስል፤ «ዋው-ዋው» የሚለው ምት እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ደርሰሃል። ፒኑ በእንጨቱ ውስጥ ከመዞሩ በፊት ራሱ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ትንሽ አሳልፈህ ሳብና በስሱ መልሰው፣ ከዚያ ቁልፉን ጠንከር አድርገህ ምታ። ከወረደ ፒኑ አልተቀመጠም። እጀታው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወይም ትንሽ ወደ ቀኝ ዘምሞ ይሁን፤ ወደ ጎን ተኝቶ ከሳብከው ፒኑን ታጎብጠዋለህ።

ይህን ካወቅህ በኋላ ወደ ሦስተኛ ርቀቶች (አራት ግማሽ ቶን ወደሚራራቁ ጥንድ ድምፆች) እለፍ። ከመሃል ዶ በታች ያለው ፋ–ላ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይመታል፣ ላ–ዶ ዲየዝ (ግማሽ ቶን ከፍ ያለ ዶ) ወደ 9፣ ዶ ዲየዝ–ፋ 11፣ የላይኛው ፋ–ላ 14። ፍጥነቱ በዚህ ቅደም ተከተል ካልጨመረ አንዱ ቦታውን ስቷል፤ ወደ «ላ» ድምፅ ተመለስና ከሹካው ጀምረህ እንደገና ፈትሽ።