ሌኮክ ስትሄዱ፣ ለወጣት ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ ፊልም ማጠብ ስጀምር ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ለንደን ልጄ ጋ እመላለሳለሁ። እዚህ አገር የምትማሩም ሆናችሁ ለጉብኝት የምትመጡ፣ ባዝ ከተማ ሄዳችሁ ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሀውስ ታያላችሁ። ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በቀጥታ ወደ ለንደን አትሩጡ። ዊልትሸር ውስጥ፣ ከቺፐናም ትንሽ ወጣ ብሎ ሌኮክ የምትባል መንደር አለች። ጎራ በሉ።

ትንሽ ናት። ዋና መንገዶቿ አራት ናቸው። አንዳንዱ ቤት ድንጋይ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንጨቱ ቆሞ መሃሉ በጭቃ የተመረገ ነው። የአያቶቹን ጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ሲያየው አይጠፋውም። ማቲልዳ ታልቦት የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1944 መንደሩን ከነገዳሙ ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች። በሰማዩ ላይ የመብራት ሽቦ የማታዩት፣ ፊልም ሠሪዎችም የሚመላለሱበት፣ እንደ ድሮው ስለተጠበቀ ነው።

ሰው ግን ይኖርበታል። ይሄን ያዙልኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በአርባ ደቂቃ መንደሩን ጨረስኩት። አንድ የሚያምር መስኮት አየሁና ሌንሴን አስጠግቼ አነጣጠርኩ። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት አሮጊት የሻይ ስኒ ይዘው ተቀምጠዋል። አዩኝ። አልተቆጡም፣ ምንም አላሉም። ስኒውን በቀስታ አስቀመጡና መጋረጃውን ዘጉት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ደንበኛን "ይዘጋጁ" ሳልል አንስቼ አላውቅም ነበር። በጣም አፈርኩ። እናንተም ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በሩ የማን እንደሆነ አስቡ። ሰው ካለ ጠይቁ።

ቤተ ክርስቲያኑ በማን ስም እንደተሠራ ታውቃላችሁ? በቅዱስ ቂርቆስ። እነሱ ሲሪያክ ይሉታል። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት ያረፈው፣ እኛ ሐምሌ 19 የምናስበው ሕፃን ነው። እዚያ ሩቅ መንደር ውስጥ ስሙን ሳገኘው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ወደ ገዳሙ እንግባ። የሴቶች ገዳም ሆኖ የተመሠረተው በ1232 ነው። በ1539 ተዘግቶ የባላባት መኖሪያ ሆነ። በኋላ የማቲልዳ አያት ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ኖረበት። ይህ ሰው በ1833 ጣሊያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መልክዓ ምድሩን ሊስል ሞከረ። እጁ እምቢ አለው። ምስሉ ራሱ መጥቶ ወረቀት ላይ ቢቀርስ ብሎ አሰበ። አገሩ ተመልሶ ወረቀት በጨው ውሃ ይነክራል፣ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል የብር ኬሚካል ይቀባል፣ ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ይከትና በየቦታው ያስቀምጣል። ሚስቱ ሳጥኖቹን "የአይጥ ወጥመዶችህ" ትላቸው ነበር። ከዚያ መጠበቅ ነው። በነሐሴ 1835 የቤቱን አንድ መስኮት ቴምብር በምታክል ወረቀት ላይ አስቀረ። ዛሬ በእጃችን ካሉት በካሜራ የተሠሩ ኔጋቲቮች፣ ማለትም ብርሃኑ ጨለማ ጨለማው ብርሃን ሆኖ ከሚወጣባቸው ምስሎች ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ናት።

ፓሪስ ላይ ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ ያወጣው ምስል በብረት ላይ የሚቀር አንድ ብቻ ነበር። የታልቦት ግን ኔጋቲቭ ነው፣ የፈለጉትን ያህል ያትሙበታል። እኛ ፎቶ ቤቶች እንጀራ የበላነው በዚህ ነው። ደንበኛ አራት ጉርድ ተነስቶ ይሄዳል፤ ኔጋቲቩን ፖስታ ውስጥ ከትተን ቁጥር እንጽፍበታለን፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመንጃ ፈቃድ ተመልሶ ይመጣል። ያን ሁሉ ዓመት ሃይፖ የምንለው የፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል ሲሸተኝ ሥራው ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናንተ ጠይቁ። የያዛችሁት ሙያ ምንም ይሁን፣ የተጀመረበት ቦታ ካለ ሂዱና እዩት።

ታልቦት ከኔጋቲቩ አጠገብ አንድ ማስታወሻ ጽፏል። ምስሉ አዲስ በነበረበት ጊዜ በማጉያ መነጽር ሲታይ ሁለት መቶ ያህሉን የመስኮቱን መስታወቶች መቁጠር ይቻል ነበር ይላል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ካሜራዬን ቤት ትቼ ሄድኩ። መስኮቱ አሁንም እዚያው አለ። ፊቱ ቆሜ ከላይ ጀምሬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ከሰባ አልፌ ፀሐይዋ ከደመና ወጣችና መስታወቶቹ ሁሉ አንድ ላይ አበሩ። ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።