የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቨርቹዋል ማሽን ባክአፕ ውስጥ የጠፋውን ፎልደር ብቻ ማውጣት

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ፕሮክስሞክስ በተባለ፣ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን) በሚያስተዳድር ሶፍትዌር ላይ የሚሠራ የዊንዶውስ ፋይል ሰርቨር አለው፤ ዲስኩ 600 ጊጋባይት ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ ወደ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ይሄዳል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ሠራተኛ የውል ሰነዶች ያሉበትን ፎልደር በስሕተት አጠፋው። ማሽኑን በሙሉ መመለስ አለብን?

መልስ፦ በፍጹም። ከማሽኑ ገጽ ላይ ባክአፑን መርጠው «ሪስቶር» ቢሉ አሁን ያለው ዲስክ ይደመሰስና በሌሊቱ ይተካል። ፎልደሩ ይመለስልዎታል፤ ከሌሊት ጀምሮ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የሠራው ግን አብሮ ይጠፋል። እርስዎ የሚፈልጉት ከዚያው አጠገብ ያለውን «ፋይል ሪስቶር» የሚለውን ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። በፕሮክስሞክስ ገጽ ላይ ባክአፑ ያለበትን ስቶሬጅ ይክፈቱ፤ ከባክአፖቹ ዝርዝር ውስጥ የማሽንዎን ቁጥር የያዘውን ይምረጡ፤ «ፋይል ሪስቶር» ይበሉ። ከበስተጀርባ አንዲት ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ትነሣና ባክአፑን ለማንበብ ብቻ ትከፍተዋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ትንሽ የሚያስጠብቀው እሷ እስክትነሣ ነው። ከዚያ ዲስኮቹ በስማቸው ይታያሉ። ዲስኩን ሲከፍቱ «ፓርት» የሚል ፎልደር ያገኛሉ፤ በውስጡ ፓርቲሽኖቹ (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች) በቁጥር ተደርድረዋል። ዊንዶውስ ለማስነሻና ለጥገና የሚይዛቸው ትንንሽ ፓርቲሽኖች ስላሉ የሚፈልጉት ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነው። ፎልደሩን ሲያገኙት «ዳውንሎድ» ይበሉ፤ ነጠላ ፋይል እንዳለ፣ ፎልደር ደግሞ በዚፕ ተጠቅልሎ ይወርዳል።

የትኛውን ሌሊት እንደሚመርጡ ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የባክአፑ ስም የሚጻፈው በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለምሳሌ ረቡዕ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ማርች 12፣ 2025) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተወሰደ ባክአፕ ስሙ ላይ ማርች 11፣ 23:00 ይላል። ስሙን ብቻ ያየ ሰው «ይህ የማክሰኞ ነው» ብሎ ያልፈውና ስሙ ማርች 12 የሚለውን፣ ማለትም የኀሙስን፣ ይከፍታል፤ በኀሙሱ ውስጥ ደግሞ ፎልደሩ ቀድሞውኑ ጠፍቷል። ስሙን ትተው አጠገቡ ያለውን የቀን ዓምድ ይመልከቱ፤ እሱ በአካባቢዎ ሰዓት ነው።

ዚፑ የዊንዶውስን የፈቃድ ዝርዝር፣ ማለትም ማን ማየት ማን መጻፍ እንደሚችል የሚወስነውን፣ አይዝም። ስለዚህ በመጀመሪያ ከዋናው ቦታ ውጭ በሌላ ፎልደር ይፍቱት፤ ጥቂት ሰነዶችን ከፍተው ይዩ፤ ከዚያ ወደ ቀድሞ ቦታው ኮፒ ያድርጉ። «ኮፒ» ያልነው ሆን ብለን ነው። በአንድ ድራይቭ ውስጥ «ሙቭ» ካደረጉት ፋይሉ የጊዜያዊውን ፎልደር ፈቃድ ይዞ ይሄዳል፤ ኮፒ ሲደረግ ግን የሚገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል።

ጥያቄ፦ እኛ ባክአፕ ሰርቨር የለንም። ያለን ፕሮክስሞክስ ራሱ በውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀመጠው፣ በዜድስታንዳርድ (ፋይል ማሳነሻ ዘዴ) የታመቀ የቪኤምኤ (የፕሮክስሞክስ የራሱ የባክአፕ ዓይነት) ፋይል ነው። «ፋይል ሪስቶር» የሚለው ለማሽኑ አይሠራም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በዚህ ዓይነቱ ባክአፕ በእጅ መሥራት ግድ ነው፤ ይቻላልም። መጀመሪያ ቦታ ያዘጋጁ። ከቪኤምኤው የሚወጣው ጥሬ ዲስክ መጠኑ የዋናው ዲስክ ሙሉ መጠን ነው። የመድረሻው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ኢኤክስቲ4፣ ኤክስኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ ከሆነ ባዶው ክፍል ቦታ ሳይበላ ሊታለፍ ይችላል። ኤክስፋት የተደረገ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ላይ ግን 600 ጊጋባይቱ በሙሉ ይጻፋል፤ ሥራው መሐል ላይ ቦታ አልቆ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የታመቀውን በዜድስታንዳርድ መፍቻ ይፍቱ፤ ቀጥሎ «ቪኤምኤ» በሚለው ትዕዛዝ «ኤክስትራክት» ያድርጉ። የመድረሻውን ፎልደር ቀድመው አይፍጠሩ፤ ትዕዛዙ ራሱ ስለሚፈጥረው ቀድሞ ካለ እንቢ ይላል። ሲያበቃ የማሽኑን ኮንፊገሬሽን ፋይልና ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ጥሬ ፋይል ያገኛሉ።

አሁን ጥሬውን ፋይል «ሎሴትአፕ» በሚለው ትዕዛዝ ዲስክ አስመስለው ያያይዙት፤ ሁለት አማራጮች አይርሱ፦ ለማንበብ ብቻ የሚለውንና ፓርቲሽኖቹን ፈልግ የሚለውን። ሁለተኛው ከተረሳ ዲስኩ ይታያል፣ ፓርቲሽኖቹ ግን አይታዩም። ከዚያ ፓርቲሽኑን፣ አሁንም ለማንበብ ብቻ፣ ማውንት ያድርጉ፤ ማለትም ፋይሎቹ እንዲታዩ ከሲስተሙ ጋር ያገናኙት። በውስጡ ያለው ዊንዶውስ ሳይዘጋ ወይም «ፋስት ስታርትአፕ» (ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሣው አሠራር) እንደበራ ከነበረ ሊኑክስ ለመጻፍ ማውንት አላደርግም ይላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ለማለፍ ሲባል ዊንዶውስ ሁኔታውን ያስቀመጠበትን የሃይበርኔሽን ፋይል ማጥፋት አያስፈልግም፤ ለማንበብ ብቻ ሲያደርጉት ይከፈታል።

በውስጡ ያለው ሊኑክስ ከሆነ ሁለት ነገር ይገጥምዎታል። አንደኛው ኤልቪኤም (ዲስኮችን በቮልዩም ግሩፕ አሰባስቦ የሚያከፋፍል የሊኑክስ አሠራር) ነው፤ ፓርቲሽኑ በቀጥታ ማውንት አይሆንም፤ መጀመሪያ የቮልዩም ግሩፑን ማንቃት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ኤክስኤፍኤስ ነው። ለማንበብ ብቻ በተያያዘ ዲስክ ላይ የጆርናሉን (ያልተጠናቀቁ ለውጦች የሚመዘገቡበትን) ጥገና ማከናወን ስለማይችል ማውንቱ ይከሽፋል፤ «ኖ ሪከቨሪ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ። ዋናው ዲስክ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ማውንት ሆኖ ካለ ደግሞ መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ «ኖ ዩዩአይዲ» የሚለውንም መጨመር አለብዎት። በኢኤክስቲ4 ተመሳሳዩ አማራጭ «ኖ ሎድ» ነው። ጆርናሉ ሲታለፍ፣ ባክአፑ ከመወሰዱ ሰከንዶች በፊት የተጻፈ ፋይል ላይታይ ወይም ጎድሎ ሊታይ ይችላል፤ የተበላሸ ባክአፕ ነው ብለው አይደምድሙ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ብቻ የሚመጣ እንቅፋትም አለ። በሊኑክስ ኢኤክስቲ4 ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ስሙ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ግን 255 ፊደል ይፈቅዳል። የደብዳቤውን ጉዳይ በሙሉ በፋይል ስምነት የሚጽፉ ቢሮዎች ብዙ ናቸው፤ እነዚያ ፋይሎች ወደ ሊኑክስ ዲስክ ሲቀዱ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» በሚል ስሕተት አንድ በአንድ ይዘለላሉ። ኮፒው ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛት ከምንጩ ጋር ሳያመሳክሩ አይውጡ። ልዩነት ካለ ጥሬውን ዲስክ ለሌላ የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ሁለተኛ ዲስክ አድርገው ያስገቡትና ኮፒውን እዚያ ያድርጉ። ይህ መንገድ የፈቃድ ዝርዝሩንም ያተርፍልዎታል።

ሲጨርሱ ቅደም ተከተሉን ወደ ኋላ ይሂዱ፦ መጀመሪያ ማውንቱን ያውርዱ፣ ከዚያ ቮልዩም ግሩፑን ያጥፉ፣ በመጨረሻ ዲስኩን ይንቀሉ። ቮልዩም ግሩፑ ሳይጠፋ ቢነቀል በሆስቱ (ማሽኖቹን በሚያሠራው ኮምፒውተር) ላይ የሌለ ዲስክ እንዳለ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የማይክሮሶፍትን የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ፣ ሃይፐር-ቪን ነው የምንጠቀመው። የቪኤችዲኤክስ (የማሽኑ የዲስክ ፋይል) ኮፒ አለን፤ ስንከፍተው ግን አንዳንዱ ፎልደር «አክሰስ ዲናይድ» ይላል፤ አንዳንዱ ፋይል ደግሞ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን፣ ዲስኩን ያያያዙት በ«ዲስክ ማኔጅመንት» ከሆነ «ሪድ ኦንሊ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርገዋል? ካላደረጉ ንቀሉትና እንደገና ያያይዙ። በተለይ ቼክፖይንት (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ የያዘ መመለሻ) ያለውን ማሽን ዋና ቪኤችዲኤክስ ለመጻፍ ክፍት አድርጎ ማያያዝ እጅግ አደገኛ ነው። ከቼክፖይንቱ በኋላ የተጻፈው ሁሉ በኤቪኤችዲኤክስ ፋይሎች ውስጥ ነው፤ እናትየው፣ ማለትም ዋናው ቪኤችዲኤክስ፣ ከተለወጠች ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

የ«አክሰስ ዲናይድ» ምክንያት ፎልደሮቹ የድሮውን ሰርቨር የተጠቃሚ መለያ ስለያዙ ነው። ፈቃድ ለመለወጥ አይሞክሩ፤ ለማንበብ ብቻ በተያያዘ ዲስክ ላይ አይሆንም። በአስተዳዳሪነት የተከፈተ የትዕዛዝ መስኮት ላይ የዊንዶውስን የኮፒ ትዕዛዝ «ሮቦኮፒ»ን ከባክአፕ ሞድ አማራጩ ጋር ያስኪዱት፤ ይህ አማራጭ የፈቃድ ዝርዝሩን አልፎ ያነብባል። ፈቃዱም አብሮ እንዲመጣ ከፈለጉ «ኮፒ ኦል» የሚለውን ይጨምሩ።

አንዳንዶቹ ፋይሎች የማይከፈቱት ምናልባት ድራይቩ ላይ የዊንዶውስ ሰርቨር «ዳታ ዲዱፕሊኬሽን» (የተደጋገመን ይዘት አንዴ ብቻ የሚያስቀምጥ አሠራር) በርቶ ስለነበር ነው። ያን ጊዜ የፋይሉ ይዘት ተቆራርጦ በሌላ ስውር ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፤ ተራ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ማሰባሰብ አይችልም። ያንኑ ወይም ከዚያ አዲስ የሆነ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ዲዱፕሊኬሽኑን ጭነው ዲስኩን እዚያ ያያይዙ። ድራይቩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ የተቀመጠው በዚያው ሰርቨር ውስጥ ብቻ ከሆነ መውጫ የለም። ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ከቨርቹዋል ማሽኑ ባክአፕ የፒችትሪን (የሒሳብ ፕሮግራም) አንዳንድ ፋይሎች አውጥተን መለስን፤ አሁን ፕሮግራሙ የድርጅቱን ሒሳብ አይከፍትም።

መልስ፦ ፒችትሪ የአንድን ድርጅት ሒሳብ በአንድ ፎልደር ውስጥ ብዙ «ዳት» ፋይሎች አድርጎ ያስቀምጣል፤ ደንበኞች በአንዱ፣ እንቅስቃሴው በሌላው ነው፤ እርስ በርሳቸውም ይጠቃቀሳሉ። የትናንት አንድ ፋይል ከዛሬ ሌሎች ጋር ሲቀላቀል ማጣቀሻዎቹ አይገጥሙም። የተቀላቀለውን ፎልደር ስሙን ለውጠው ያቆዩት፤ አያጥፉት። የዳታቤዝ አገልግሎቱን ያቁሙ፤ ከአንድ ባክአፕ ሙሉውን የድርጅት ፎልደር ያውጡ፤ መጀመሪያ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የሙከራ ሚዛኑን ይመርምሩ።

ይህም ዋስትና የለውም። ባክአፑ በተወሰደበት ቅጽበት ሰው ሒሳብ ሲመዘግብ ከነበረ የተወሰደው ድንገት መብራት እንደጠፋበት ኮምፒውተር ዲስክ ነው። በማሽኑ ውስጥ የኪሙ ገስት ኤጀንት (ከፕሮክስሞክስ ጋር የሚነጋገር ትንሽ ፕሮግራም) ካለ ፋይል ሲስተሙ ለአፍታ ይረጋል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በሜሞሪ የያዘው ሁሉ ተጽፏል ማለት አይደለም። ስለዚህ በፒችትሪ በራሱ የባክአፕ ትዕዛዝ፣ ማታ ሥራ ሲያበቃ፣ የፒቲቢ ፋይል እዚያው ሰርቨር ላይ ይፍጠሩ፤ የማሽኑ ባክአፕ ከዚያ በኋላ ይወሰድ። ያን ጊዜ ማውጣት ያለብዎት አንድ የተሟላ ፋይል ብቻ ነው። ለኤስኪውኤል ሰርቨርና ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዞችም ምክራችን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዎቹን 3 ባክአፖች ብቻ ነው የምንይዘው። ይበቃል?

መልስ፦ ዲስክ ሲበላሽ ይበቃል፤ ፋይል ሲጠፋ አይበቃም። የዲስክ ብልሽት ወዲያው ይታያል፤ የጠፋ ፎልደር ግን የሚታወቀው አንድ ሰው ሲፈልገው ነው፣ ምናልባትም በግብር ወቅት፣ ከወራት በኋላ። የዕለት 14፣ የሳምንት 8፣ የወር 12 ቢይዙ እንመክራለን። ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የቨርቹዋል ዲስኮችን በ4 ሜቢባይት ቁራጮች ከፋፍሎ፣ ያልተለወጠውን ቁራጭ አንዴ ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ብዙ ለውጥ በማይታይበት ፋይል ሰርቨር ላይ 34 ባክአፕ የ34 ዲስክ ቦታ አይወስድም። ተራ የቪኤምኤ ፋይሎች ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ ናቸው፤ በእነሱ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ለመያዝ ብዙ ዲስክ ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ የወሩን አንድ ፋይል ለይቶ በሌላ ዲስክ ያኑር።