የኬብል ቦክሱን ከሆም ቲያትር ጋር ስናገናኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። በቅርቡ ባለ አምስት ስፒከር ከነሳብዉፈሩ ሆም ቲያትር ገዝቼ ነበር። የኬብል ቲቪውን ቦክስ በኤችዲኤምአይ ቲቪው ላይ ሰካሁት፣ ከቲቪው ደሞ በኦፕቲካል ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ አስገባሁት። ድምፅ አለ፣ ግን ከፊት ካሉት ከሁለቱ ብቻ ነው የሚወጣው፣ የመሀሉም የኋላዎቹም ጭጭ ብለዋል። የሚገርመው ዲቪዲ ማጫወቻውን ቀጥታ ሆም ቲያትሩ ላይ ሰክቼ ፊልም ስከፍት አምስቱም ይሰራሉ። ስፒከሮቹ ናቸው የተበላሹት ወይስ ቦክሱ ነው? የቴክኒክ ሰው ስላልሆንኩ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ። ወንድማችሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ ዋናውን ምርመራ እኮ ራስህ ሰርተኸዋል። ዲቪዲው ላይ አምስቱም ከሰሩ ስፒከሮቹም ሽቦዎቹም ሆም ቲያትሩም ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ስለዚህ መፈተሽ ያለብን ድምፁ ከቦክሱ ተነስቶ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ነው። (ሁለቱንም ዕቃ ሪሲቨር የሚል ሰው ስላለ እንዳንደናገር እኔ የኬብሉን ቦክስ እለዋለሁ፣ ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ማሽን ደሞ አምፕ።)

አሁን ድምፁ መጀመሪያ ቲቪው ውስጥ ይገባና ከዛ ነው ወደ አምፑ የሚሄደው። ብዙ ቲቪዎች ደሞ በኤችዲኤምአይ ከሌላ ዕቃ የመጣላቸውን ድምፅ በኦፕቲካል መልሰው ሲያወጡት ወደ ሁለት ቻናል፣ ማለትም ወደ ተራ ስቴሪዮ ይቀንሱታል። ከቦክሱ አምስት ነጥብ አንድ (5.1፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር) ሆኖ ቢወጣ እንኳን አምፑ ጋ የሚደርሰው ግራና ቀኝ ብቻ ነው፣ አምፑ ያልደረሰውን ነገር ከየት አምጥቶ ለኋላ ስፒከር ይስጥ? ስለዚህ ቲቪውን ከድምፁ መንገድ አውጣውና ቦክሱን ቀጥታ ከአምፑ ጋር አገናኘው። እኔ ሁሌም ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህንን ነው፣ ድምፅ ባጭሩ መንገድ ይሂድ፣ መሀል የገባ ዕቃ ሁሉ አንድ ነገር ሊነካበት ይችላል።

ቀጥታ ለማገናኘት ሁለት ጥሩ አማራጭ አለህ። አምፕህ ኋላው ላይ የኤችዲኤምአይ መግቢያዎች ካሉት ከቦክሱ የወጣውን ኤችዲኤምአይ ሲቢኤል ሳት (ኬብል ወይም ሳተላይት ማለት ነው) የሚል የተጻፈበት መግቢያ ላይ ሰካው፣ ከአምፑ ኤችዲኤምአይ መውጫ ደሞ ሌላ ገመድ ወደ ቲቪው ውሰድ። ምስሉም ድምፁም አብሮ ይሄዳል፣ አምፑ ድምፁን ለራሱ ይወስድና ምስሉን ለቲቪው ያሳልፋል። ግን እዚህ ጋ ሁለት ነገር ማየት አለብህ፣ አንዳንድ የቆዩ አምፖች ኤችዲኤምአይ አላቸው ግን ምስል ማሳለፍ እንጂ ድምፁን ከውስጡ ማውጣት አይችሉም፣ ሁለተኛው ደሞ ቦክስህ 4ኬ ከሆነ አምፑም የኮፒ መከላከያውን ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን መቀበል አለበት፣ ካልሆነ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል ወይም ምስሉ በዝቅተኛ ጥራት ይመጣል።

ከነዚህ አንዱ ካጋጠመህ አትጨነቅ፣ ሁለተኛው መንገድ አለ፦ ኤችዲኤምአዩ እንዳለ ከቦክሱ ወደ ቲቪው ይቆይ ለምስሉ፣ ኦፕቲካሉን ግን ከቲቪው ነቅለህ ከቦክሱ ራሱ ወደ አምፑ ሰካው። ኦፕቲካል አሮጌ ነው ብለው የሚንቁት አሉ፣ በ1983 ቶሺባ ያመጣው ነገር ነው እውነት ነው፣ ግን ስቴሪዮ ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ወይም የታመቀ ዶልቢ ዲጂታል 5.1 በደንብ ይሸከማል። የማይችለው እንደ ዶልቢ ትሩኤችዲ ያለውን የብሉሬይ ድምፅ ነው፣ በኬብል ቻናል የሚመጣው የዙሪያ ድምፅ ደሞ ባብዛኛው ዶልቢ ዲጂታል ስለሆነ በኦፕቲካል ብታደርገው የምታጣው ነገር የለም።

ገመዱን ስትሰካ ጫፉን አስተውለህ እየው። አዲስ ከሆነ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለ፣ ብዙ ሰው እሱን ሳያወጣ ሊያስገባ ይታገላል። ክዳኑን ስታወጣ ጫፉ አራት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ጠርዙ የተቆረጠ ነው፣ ከሶኬቱ ቅርፅ ጋር አስተካክለህ ትገፋዋለህ፣ ቀጭ ሲል ገብቷል። ቦክሱን ከከፈትክ በኋላ በሌላኛው ጫፍ ቀይ መብራት ይታያል፣ እሱ ከታየህ ቦክሱ እየላከ ነው ማለት ነው፣ ገመዱም አልተሰበረም። ብቻ ከዕቃው ኋላ ስታሳልፈው ሹል አድርገህ አትጠፈው፣ ውስጡ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ነው ሽቦ አይደለም፣ ከታጠፈ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግርሃል። ኦፕቲካል መውጫ ከሌለው ብርቱካናማዋን ክብ ሶኬት ፈልግ፣ ኮአክሲያል ዲጂታል የምትባለው ናት፣ ያው ተመሳሳይ ስራ ነው የምትሰራው። ቀይና ነጩን የምትጠቀመው ሌላ ሁሉ ከጠፋ ነው፣ እሱ ስቴሪዮ ብቻ ነው፣ አምፑ ፕሮ ሎጂክ በሚባለው ስቴሪዮን ወደ ዙሪያ ድምፅ በሚቀይረው ዘዴ ወደ ኋላ ሊያከፋፍልልህ ይችላል ግን ግምት ነው፣ የተቀዳው ድምፅ አይደለም።

ገመድ ብቻ ሰክተህ ግን አትቁም፣ ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛ አምፑ በኦፕቲካል የገባለት የኬብሉ ድምፅ መሆኑን በራሱ አያውቅም፣ ሴትአፕ ሜኑ ውስጥ ግባና ኢንፑት አሳይን የሚለውን ፈልገህ የሰካህበትን ሶኬት፣ ለምሳሌ ኦፕቲካል 1ን፣ ለሲቢኤል ሳት ስጠው። ሁለተኛ፣ ይህንን በጣም ነው አደራ የምልህ፣ የቦክሱን የራሱን ሜኑ ክፈት፣ ኦዲዮ ወይም ሳውንድ የሚለው ውስጥ ዲጂታል አውትፑት ይኖራል። ብዙ ቦክሶች ሲመጡ ፒሲኤም ወይም ስቴሪዮ ላይ ተደርገው ነው የሚመጡት፣ ምክንያቱም በዛ መንገድ ከማንኛውም ቲቪ ጋር ያለ ችግር ይሰራል። እሱን ወደ ዶልቢ ዲጂታል ቀይረው፣ በአንዳንዱ ቢትስትሪም ይለዋል በአንዳንዱ ሳራውንድ። ይህን ካልቀየርክ ምርጡን ገመድ ብትሰካም ሁለት ስፒከር ብቻ ነው የምትሰማው።

ከዛ የአምፑን ማሳያ ተመልከት። ዶልቢ ዲጂታል ካለና አጠገቡ 3/2.1 የሚል ካየህ ተሳክቶልሃል፣ ሶስት ፊት ሁለት ኋላ አንድ ሳብዉፈር ማለት ነው። 2/0 ካለ ደሞ አትደንግጥ፣ ቻናሉ ራሱ በስቴሪዮ ነው የሚያስተላልፈው፣ ብዙ ዜናና የቆዩ ፕሮግራሞች እንደዛ ናቸው፣ ስለዚህ ስትፈትሽ አዲስ ፊልም ወይም ትልቅ የስፖርት ጨዋታ ላይ አድርገህ ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ከቦክሱ ወደ አምፕ ከአምፕ ወደ ቲቪ ሁሉንም በኤችዲኤምአይ ነው ያገናኘሁት፣ ድምፁ በጣም አሪፍ ነው። ግን ልጆቹ ካርቱን ማየት ሲፈልጉ አምፑ ካልተከፈተ ምስል የለም፣ እነሱ ደሞ ድምፁን ከፍ እያደረጉ ስፒከሩን እንዳያበላሹብኝ እፈራለሁ። ሌላው ችግር፣ ቲቪው ላይ ሰው ሲያወራ ድምፁ ከአፉ ትንሽ ይቀድማል። ምን ላድርግ? እህታችሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ለልጆቹ የመጀመሪያው ነገር የአምፑ ሜኑ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ክፍል ገብተሽ ስታንድባይ ፓስ ትሩ የሚለውን ማብራት ነው። ከዛ በኋላ አምፑ ጠፍቶም ምስሉንና ድምፁን ለቲቪው ያሳልፋል፣ ልጆቹ በቲቪው ድምፅ ያያሉ። አምፑ ጠፍቶ እያለ ትንሽ ተጨማሪ መብራት ይወስዳል፣ እሱን መቀበል ነው። አንዳንዱ አምፕ መጨረሻ ላይ የነበረውን ግብዓት ብቻ ስለሚያሳልፍ ስታጠፊው ኬብሉ ላይ አድርገሽ አጥፊው።

ቲቪሽም አምፕሽም ኤአርሲ (ድምፅን ከቲቪው ወደ አምፑ የሚመልስ መስመር) የሚል የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ሶኬት ካላቸው ደሞ ገመዱን ገልብጠሽ ማገናኘት ትችያለሽ፣ ቦክሱ ቲቪው ላይ ይሰካና ድምፁ በዛችው የኤአርሲ ገመድ ከቲቪው ወደ አምፑ ይመለሳል። ኤአርሲ በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ነው የመጣው፣ የተሻለው ኢኤአርሲ ደሞ በ2017 ከ2.1 ጋር። ከላይ ለወንድማችን ቲቪውን ከመንገድ አውጣው ብያለሁ፣ ኤአርሲ ግን ቲቪው ከፈቀደ ዶልቢ ዲጂታሉን ሳይነካ ያሳልፋል፣ ለዚህ የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ፓስ ትሩ ወይም ቢትስትሪም ላይ መሆን አለበት፣ ሲኢሲ የሚባለውም (ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይ እርስ በርስ የሚታዘዙበት) በሁለቱም ላይ መብራት አለበት። ልጆች ላሉበት ቤት እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ድምፁ የሚቀድመው ቲቪው ምስሉን ለማሳመር ጊዜ ስለሚወስድ ነው፣ ድምፁ ግን ቀጥታ ስፒከር ላይ ደርሷል። አምፑ ውስጥ ሊፕ ሲንክ ወይም ኦዲዮ ዲሌይ የሚል አለ፣ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ፊቱ በቅርብ የሚታይ ዜና አንባቢ ክፈቺና 10 10 እየጨመርሽ ሂጂ። አፉን ስታዪ በ፣ መ እና ፐ ላይ አተኩሪ፣ ከንፈር የሚገጥመው እነሱ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ገጥሞ ሲከፈት ድምፁ እኩል ከወጣ እዛ ጋ ተይው። የቲቪውን ምስል ጌም ሞድ ላይ ማድረግም መዘግየቱን ይቀንሰዋል፣ ምስሉ ላይ ግን ለውጥ ስላለው አይተሽ ወስኚ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። የኬብሉን ቦክስ በቀይና በነጭ ገመድ ከአሮጌ አምፕሊፋየሬ ጋር ካገናኘሁ ወዲህ ምንም ሳይከፈት እምምም የሚል ድምፅ አለ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ሰው የፕላጉን የኧርዝ እግር ቁረጠው ይጠፋል አለኝ። ላድርገው? አባታችሁ።

መልስ፦ አባታችን፣ እባክዎ አይቁረጡት። ያ እግር ዕቃው ውስጥ ሽቦ ቢነካካ ሰው እንዳይዘው የሚጠብቅ ነው፣ ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ህይወትን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

የሚሰሙት እምምታ የመብራቱ ነው፣ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚመላለሰው። ከውጭ የሚመጣው የኬብል ቲቪ ሽቦ አንድ ቦታ መሬት ይነካል፣ የቤትዎ መብራት ሌላ ቦታ፣ ሁለቱ በቀይና ነጩ ገመድ አምፑ ላይ ሲገናኙ በመሀላቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ እሱ ነው በስፒከር የሚወጣው። እንዲህ አድርገው ይሞክሩ፣ ሁሉንም አጥፍተው ከግድግዳ መጥቶ ቦክሱ ላይ በጥርስ የሚጠመዘዘውን ወፍራም ገመድ ይንቀሉት፣ ከዛ አምፑን ብቻ ይክፈቱ። እምምታው ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው።

አምፕዎ ኦፕቲካል መግቢያ ካለው ቀይና ነጩን አውጥተው ኦፕቲካል ያድርጉ፣ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ እምምታው በዛ ገመድ የሚሄድበት መንገድ አይኖረውም። አሮጌ ስለሆነ ከሌለው ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፣ ለቲቪ ኬብል የተሰራው ቦክሱ ከመድረሱ በፊት ይገባል፣ ለቀይና ነጭ የተሰራውም አለ፣ እሱ ከቦክሱና ከአምፑ መሀል ነው የሚገባው። ከሁለቱ አንዱ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ ናት። ድምፅ ሳስተካክል የቦክሱን ልጨምር የአምፑን? ማስታወቂያ ሲመጣ ደሞ ይጮህብኛል።

መልስ፦ የአምፑን። የቦክሱን ሙሉ አድርገው ወይም ፊክስድ የሚል ካለው እሱ ላይ አድርገው ተወው፣ በቀይና ነጭ ከሆነ ቦክሱ ላይ ዝቅ ብሎ አምፑ ላይ ከፍ ሲል ከስር ያለው የሹሽታ ድምፅ ነው የሚጎላው፣ በዶልቢ ዲጂታል ከሆነ ደሞ ብዙ ጊዜ የቦክሱ ቮልዩም ምንም አይሰራም፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትወስደው። ለጩኸቱ አምፑ ላይ ናይት ሞድ ወይም ዳይናሚክ ሬንጅ የሚለውን አብራ፣ ጮክ ያለውን ዝቅ ዝግ ያለውን ከፍ ያደርገዋል፣ ለማታ ጥሩ ነው፣ ፊልም ስታይ ግን አጥፋው ምክንያቱም ፍንዳታውን ሁሉ ያለሰልሰዋል። የኬብሉ ሪሞት የቮልዩም ቁልፉን ለአምፑ እንዲሰራ ማስተማር ይቻላል፣ ኮዱ ከሪሞቱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በአምፑ ስም ስር አለ።