ለሳቢያኑ ወንድሜ፦ ፕሮጀክተሩን ከመመለስህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ድሬ ዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ የቢሮ ፕሮጀክተር ገዝተሃል፤ ባለ አምፖል፣ ምስሉ 1280 በ800 ነጥብ (ፒክሰል) የሆነ። ሳቢያን ሰፈር ያለው ሳሎንህ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው። ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። አንዱ ጥግ ይደበዝዛል። ቀን ላይ ምንም አይታይም። ማታ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ራሱን ያጠፋል። «ተሸወድኩ እንዴ? ልመልሰው?» ነው ያልከው።

አትመልሰው። ቢያንስ ይህን አንብበህ እስክትሞክረው ድረስ ታገሥ። ከዘረዘርካቸው አራት ነገሮች የማሽኑ ጥፋት ነው የምለው አንድም የለም። እኔም እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ኳስ በፕሮጀክተር ማየት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አንተ ያልካቸው ችግሮች ሁሉ እኔም ቤት ገብተው ወጥተዋል።

ከመጥፋቱ ልጀምር። ሌላው ቢቆይ አይጎዳም፤ ይሄኛው ግን ማሽኑን ይገድለዋል።

ራሱን የሚያጠፋው ስለሚግል ነው። አብዛኞቹ ፕሮጀክተሮች የተሠሩት የክፍሉ ሙቀት እስከ 35፣ ቢበዛ እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይሄ ቁጥር ምኑም አይደለም። ድሬ ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጭው ራሱ 35ን ይነካል። ቆርቆሮ ስር ያለ ሳሎን ምን እንደሚመስል ደግሞ ለሳቢያን ልጅ አይነገርም።

እኔ መጀመሪያ እንደ ሲኒማ ቤት ኮርኒስ ላይ ነበር የሰቀልኩት። ኮርኒሱ ቺፕውድ ስለሆነ ብሎን አይዝም። አናጢ ጎረቤቴ በጣቱ እያንኳኳ ሞራሌው የት እንዳለ ፈልጎ እሱ ላይ አሰረልኝ። አምሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጨዋታው 70ኛው ደቂቃ ላይ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና ድርግም። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወንበር ላይ ወጥቼ እጄን ወደ ኮርኒሱ ሳስጠጋ የምድጃ አፍ መሰለኝ። የክፍሉ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ወደ ታች ይለቀዋል። ፕሮጀክተሬ ሁለቱ መሃል ነበር የተንጠለጠለው። በማግስቱ አወረድኩት። አሁን ከሶፋው ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሙቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ድሬ ላይ ኮርኒስ ስቀል የሚልህን ሰው አትስማ። ኤሲ ካለህ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንተ እንደነገርከን ያስቀመጥከው የቲቪ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አውጣው። አየር የሚስብበትና የሚተፋበት ቦታ አለ፤ በእጅህ ዳስሰህ ለይ። በዙሪያው ቢያንስ አንድ ክንድ የሚሆን ክፍት ቦታ ተውለት። የተፋው ትኩስ አየር ግድግዳ መትቶ ተመልሶ ከገባ ራሱን በራሱ እያፈነ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ፊልተሩ። ጎኑ ወይም ስሩ ላይ የምትከፈት ክዳን አለች፤ ማሽኑ ጠፍቶ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ክፈታት። ፊልተሩን አውጥተህ ወደ መብራት አድርገህ እየው። የእኔን መጀመሪያ ሳወጣው ቁራጭ ብርድ ልብስ ነበር የሚመስለው። የድሬ አቧራ ብቻውንም ይበቃል፤ እኛ ቤት ግን ዕጣን ይጨመርበታል። የቡናው ዕጣን ጭስ አቧራውን ያጣብቀዋል፤ ሌንሱ ላይም ስስ ቅባት ይተዋል። እናቴን ዕጣን አታጪሺ ልላት አልችልም። ስለዚህ ቡና ሲቀርብ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ሻሽ ይለብሳል። እንደጋለ እንዳትሸፍነው ብቻ። ፊልተሩን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በእጅ ፓምፕ አራግፈው። ሌንሱን በመነጽር ጨርቅ እንጂ በቲሸርትህ ጫፍ አትጥረገው፤ ይጭረዋል።

ሜኑው ውስጥ «ኢኮ» የሚል አለ። እሱን አድርገው። ብርሃኑ ትንሽ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም የፋኑም ጩኸት ይቀንሳል፣ የአምፖሉም ዕድሜ ይረዝማል። እዛው ሜኑ ላይ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጽፍልሃል። አምፖሉ 3,000 ሰዓት ይሠራል ሲባል፣ በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ግማሽ ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ያን ዕለት ይቃጠላል ማለት አይደለም። ቁጥሩን እየውና ጻፍልን። ግን ሙሉ በሙሉ አትመነው፤ ሻጭ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ሊመልሰው ይችላል።

መብራት ሲሄድስ? እሱ ነው ክፉው። በሪሞት ስታጠፋው ፋኑ ትንሽ ቆይቶ አምፖሉን አቀዝቅዞ ነው የሚቆመው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ግን ፋኑም አብሮ ይቆማል፤ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። እኔ ያገለገለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያሠራ ዕቃ) ገዝቼ አስገብቼለታለሁ። ፊልም አያስጨርስም፤ በሥርዓቱ አጥፍቼ ለማቀዝቀዝ ግን አምስት ደቂቃ ይሰጠኛል። ዩፒኤስ ከሌለህ መብራቱ እንደመጣ ተሽቀዳድመህ አታብራ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቅ።

አሁን ወደ ምስሉ።

ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበው ፕሮጀክተሩን ዝቅ አድርገህ አፍንጫውን ስላቀናኸው ነው። ስሩ ምን አስገብተህበታል? እኔ የእህቴን ደብተሮች ነበር የማስገባው። ሪሞቱ ላይ «ኪስቶን» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫነው ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ደስም ይልሃል። ግን ቀጥ የሚለው ተቆርጦ ነው። ማሽኑ ምስሉን ጨምቆ በጠበበ ትራፔዝ ውስጥ ይስለዋል፤ የቀረው የፓነሉ (ውስጥ ሆኖ ምስሉን የሚሠራው ዕቃ) ክፍል ሥራ ይፈታል። ከ1280 በ800 ላይ ጥራትም ብርሃንም ትሰጣለህ፤ የተጫዋች ስም ስታነብ ታውቀዋለህ። ኪስቶንን ዜሮ ላይ መልሰው። መጀመሪያ ማሽኑን ደልድል፤ ሜኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

እንዲህ አድርግ። የፕሮጀክተርህን የርቀት ሬሾ ከሞዴሉ ቁጥር ፈልግ። 1.5 ከሆነ፣ ሌንሱ ከግድግዳው የራቀበት ርቀት የምስሉ ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ነው ማለት ነው። ከጥግ እስከ ጥግ 100 ኢንች የሆነ ሰፊ ምስል ወርዱ 221 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 125 ሳንቲሜትር ያህል ነው። 221ን በ1.5 ስታባዛው 3 ሜትር ከ30 ገደማ ይመጣል። ሳሎንህ 4 ሜትር ስለሆነ ለማሽኑና ለአየሩ 70 ሳንቲሜትር ይተርፍሃል። ልክክ ብሎ ነው የሚገባልህ። የአንተ ፓነል ከፊልምና ከኳስ ትንሽ ረዘም ስለሚል ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር መስመር ይኖራል፤ ጤነኛ ነው፣ አትጎትተው።

ከፍታውን ደግሞ በዓይንህ ፈልገው። አብዛኞቹ የቢሮ ፕሮጀክተሮች ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ምስሉን ከሌንሱ ወደ ላይ ነው የሚጥሉት። ማሽኑን ውሃ ልክ አስይዘህ፣ ምንም ሳታቀና አብራው። ምስሉ የት ላይ እንዳረፈ እይ። ከዚያ መደርደሪያውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርግ እንጂ አፍንጫውን አትንካ። ውሃ ልክ ከሌለህ ስልክህ ላይ አለ።

የደበዘዘው ጥግም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ወደ ጎን ዞር ካለ የምስሉ አንድ ጠርዝ ከሌላው ይርቃል፤ ፎከስ ደግሞ ሁለት ርቀት በአንዴ አይዝም። ከሌንሱ መሃል ወደ ግድግዳው በሜትር ለካ፤ ግራና ቀኝ ጠርዙ ከሌንሱ እኩል መራቅ አለበት። ፎከሱን እንደበራ አታስተካክል። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ፣ ሌንሱ ሲሞቅ፣ የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈትና ትንንሾቹን ፊደላት እያየህ ቀለበቱን አዙር። አንድ ሰው ግድግዳው ስር ይቁምልህ፤ ከሶፋ ላይ አይታይም።

ሐረር ያለ ዘመድ ካለህ ይቺን ንገርልኝ። ለአክስቴ ልጅ ጀጎል ውስጥ የገጠምኩለት ፕሮጀክተር እኔ ቤት ምንም ያልነበረው ነው፤ እዛ ግን ያለቅጥ ይግል ነበር። አየሩ ደግሞ ከድሬ በጣም ቀዝቃዛ ነው! ግራ ገባኝ። በኋላ ሜኑውን ስበረብር «ሃይ አልቲትዩድ» የምትል አገኘሁ። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ከሆንክ አብራት ይላሉ። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ፋኑ በፍጥነት መዞር አለበት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ አያስፈልግህም፣ ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው። ሐረር ከ1,800 በላይ ነው፤ እዛ ግዴታ ነው። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው የሚለያየን፣ አቦ!

እዛው ቤት ሌላ ችግርም ነበር። ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ገብተህ ታውቅ ከሆነ ባዶ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም፤ ሳህኑና ሰፌዱ እስከ ላይ ተደርድሯል። አክስቴ «ሰፌዴ ከሚወርድ ሲኒማችሁ ይቅር» አሉ። አቡጀዲ ገዝተን፣ ከላይና ከታች ዘንግ አስገብተን፣ የሚጠቀለል አደረግነው። ያልተደረበ አቡጀዲ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ስትሰፋበት ነው ምስሉ የሚጠነክረው። ታጥፎ እንዳይቀመጥ፤ እጥፋቱ የተጫዋቹ ፊት ላይ ይወጣል።

ያንተ ግድግዳ ዘይት ቀለም ነው ብለሃል። እሱ ያብረቀርቃል፤ መሃሉ ላይ የብርሃን ነጥብ ታያለህ። 2 ሜትር ተኩል የሚሆነውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው፣ ስቱኮ አስመታው፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀባው። ብዙ ወጪ አይደለም፤ ለእኔ ከማንኛውም ሴቲንግ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው።

የቀኑ ነገር ግን መፍትሔው መጋረጃ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አያበራም። ጥቁር የምትለው ብርሃን ያላረፈበትን ግድግዳ ነው። ከሰዓት በርጫ ላይ መስኮት ከፍተህ ካየህ ጥቁርህ ማለት በፀሐይ የበራው ግድግዳ ነው። ወይ ወፍራም መጋረጃ ግዛ፣ ወይ ምስሉን አሳንሰው። ከ120 ኢንች ወደ 80 ስታወርደው ያው ብርሃን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ከሁለት እጥፍ በላይ ይደምቃል። አንድ ሰው «12,000 ሉመን» (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚል ትንሽ አዲስ ፕሮጀክተር ግዛ ብሎ መክሮሃል። ተው። አንሲ (በታወቀ መስፈርት ተለክቷል ማለት ነው) የሚል ቃል አብሮት ካልተጻፈ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር ጌጥ ነው። ያንተ አሮጌ 3,000 አንሲ ከሆነ ያንን ትንሽ ዕቃ ይበልጠዋል።

ቀለሙን ለማስተካከል ባለሙያ አያስፈልግህም። ማታ፣ መብራት አጥፍተህ፣ «ዳይናሚክ»ን ተውና «ሲኒማ» አድርገው፤ ዳይናሚክ ሳሩን እንደ ሎሚ ያደርገዋል። ከዚያ ስሙ አያታልልህ፦ «ብራይትነስ» የሚነካው ጥቁሩን ነው፣ «ኮንትራስት» ነጩን። ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ያለበት የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁም። የኮቱ እጥፋት እስኪጠፋ ብራይትነሱን ቀንስ፣ ከዚያ እስኪታይ ብቻ መልስ። ለነጩ እኔ የጥምቀት ቀረጻ ነው የምጠቀመው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሞልቶታል። ኮንትራስቱን ስትጨምር ነጠላዎቹ አንድ ነጭ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ከዚያ ቀንስ፣ እጥፋታቸው ሲመለስ አቁም። ጥቁሩ ያን ሁሉ አድርገህም አመድ ከመሰለ ኤችዲኤምአይ ሬንጅ የሚለውን ከ«ፉል» ወደ «ሊሚትድ» ወይም በተቃራኒው ቀይረህ እይ። የሪሲቨሩና የፕሮጀክተሩ ካልተስማማ እንዲህ ያደርጋል።

ድምፁን ከማሽኑ ስፒከር አትጠብቅ። ብሉቱዝም አልመክርህም፤ አፍ ቀድሞ ድምፅ ይከተላል፣ ጎሉን ጎረቤት ሲጮህ ነው የምትሰማው። ተራ የኦክስ ገመድ ከሪሲቨሩ ወደ ቴፕህ ሳብ።

በግንቦት ደግሞ እኛ ቤት ፕሮጀክተሩ ግቢ ይወጣል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፣ ማሽኑም ሰውም ይተነፍሳል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። የእሳት ራት ሌንሱ ላይ እያረፈች አንዳንዴ በረኛውን የምታክል ጥላ ትሆናለች፤ ልጆቹ ከጨዋታው ይልቅ እሷን ነው የሚያዩት።

አንተ ዛሬ ፊልተሩን አራግፍ፣ ከቁም ሳጥኑ አውጣው፣ ኢኮ ላይ አድርገህ ሁለት ሰዓት አሠራው። ያኔም ከጠፋ የሚበራውን መብራት ቀለምና ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ከሞዴሉ ቁጥር ጋር ጻፍልኝ፤ ፋኑ ይሁን አምፖሉ ከዚያ ይታወቃል።