የንጽሕና ፍተሻ ግብ መቶ በመቶ ይሁን?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በምግብ ኢንጂነሪንግ ተመርቀሽ ወተት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ገብተሻል። ገና የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ አለቃሽ «የወሩን የንጽሕና ፍተሻ ቅጽ አዘጋጂ፤ ግቡ መቶ በመቶ ይሁን» ብሎሻል። «እሺ ልበል ወይስ ልከራከር?» ነው ጥያቄሽ።

አትከራከሪ፤ ግን በደፈናው መቶ ብለሽም አትጻፊ። መቶ በታዘዘበት ቦታ የሚጸዳው ቅጹ ነው እንጂ ወለሉ አይደለም። ፈታሹ የባልደረባው ቦነስ እንዳይቆረጥ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

መጀመሪያ ያለውን እወቂ። ለጥቂት ሳምንታት ማንንም ሳትቀጪ ዞረሽ መዝግቢ። የሌሊቱን ፈረቃም እይ፤ ጉዱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ወተት መቀበያው 70 ካመጣ፣ ግቡ 80 ይሁንና ቀስ እያለ ይደግ።

ዋናው ነገር አመዛዘኑ ላይ ነው። 50 ጥያቄ ካለው ቅጽ 49ኙ ቢሟላ ውጤቱ 98 ነው። የጎደለው አንዱ ግን ወተቱ ጀርሙ እንዲሞት በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሰከንድ መቆየቱን የሚያሳየው መዝገብ ቢሆንስ? 98 ያገኘ ክፍል ሰው ሊያሳምም ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አደገኛ፣ ከባድ፣ ቀላል ብለሽ ለዪያቸው። አደገኛው ከጎደለ ድምር የለም፤ ክፍሉ ወድቋል፣ ምርቱም ይያዛል። የተቀደደ የእጅ መታጠቢያ ማስታወሻ ግን ነጥብ ቢቀንስ ይበቃዋል።

«መሙያ ማሽኑ ታጥቧል?» የሚል ጥያቄም አትጻፊ፤ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። «ቫልቩ ተፈቶ ላስቲኩ ከጀርባው ታይቷል?» በዪ። የሚያሟልጨው የወተት ቅሪት የሚደበቀው እዚያ ነው። የኤቲፒ መለኪያ (ከተጠረገ ገጽ ላይ የምግብና የሕዋስ ቅሪት የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ ቅሪቱን በሰከንዶች ያሳይሻል፤ ባክቴሪያ ግን አይቆጥርም። የማለፊያ ቁጥሩን ከሌላ ፋብሪካ አትቅጂ። የራሳችሁን ማሽን በደንብ አሳጥበሽ፣ ደጋግመሽ ለክተሽ አውጪው።

አለቃሽ መቶን ከወደደ ቦታውን አሳዪው። አደገኛዎቹ ጥያቄዎች ላይ መቶ፣ የተገኘ ጉድለት በቀነ ገደቡ መስተካከሉ ላይም መቶ። ይኼንን ባንድ ገጽ፣ ከመዘገብሽው ውጤት ጋር ይዘሽ ግቢ። በሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥምና፣ ሳያልቅ ብታቀርቢው ለቅጥርሽም ይረዳሻል።