ዳኛው ወደማን ነው ሚጠቁመው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን መልእክቶች አራቱን መርጫለሁ፣ አራቱም ስለ ፍሪስታይል ናቸው፣ ማለትም ኳስ እያንቀረቀቡ አብዶ ስለማሳየት፣ አራቱም ደሞ ከከተማው ዳር ነው የመጡት፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከገላን እና ከኮዬ ፈጬ። ብዙም አልገረመኝም። ሜዳ በሌለበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር 22 ልጅ ማጫወት አይቻልም፣ አንድ ልጅና አንድ ኳስ ግን ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ይበቃቸዋል። ስማችሁን አላወጣሁም፣ ጥያቄያችሁን ግን ብዙ ሳልነካካው ነው ያስቀመጥኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ቱሉ ዲምቱ ነው ምኖረው፣ 19 አመቴ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብሎካችን ፊት ለፊት የፍሪስታይል ባትል ተዘጋጅቶ ፍፃሜ ደረስኩ። እኔ የሰራሁትን እሱ ሊሞክረው እንኳን አይችልም፣ ደብል አራውንድ ዘ ወርልድ ነው የሰራሁት፣ ኳሷ አየር ላይ እያለች እግሬን ሁለቴ አዞርኩባት፣ ህዝቡ በሙሉ ለኔ ነው የጮኸው፣ 3ቱም ዳኞች ግን እሱን መረጡ። ሁለቴ ኳስ ወድቆብኛል አልክድም። ግን ከባድ ነገር የሞከረ ነው ወይስ ቀላል ነገር ሳይጥል የጨረሰ ነው ማሸነፍ ያለበት? እስካሁን አንጀቴ እንዳረረ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይገባኛል፣ ፍፃሜ ደርሶ መሸነፍ እንቅልፍ ይነሳል። መጀመሪያ ባትሉ ራሱ እንዴት እንደሚዳኝ እንይ። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ሁለት ሰው በአንድ ኳስ ነው ሚፋለመው፣ በብዛት 3 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ አንዱ 30 ሰከንድ ገደማ ሰርቶ ኳሷን ለሌላው ያቀብላል፣ እንደዛ እየተቀባበሉ እያንዳንዳቸው 3 ጊዜ ይደርሳቸዋል። ሰአቱ ሲያልቅ ዳኞቹ እኩል እጃቸውን ዘርግተው ወደመረጡት ልጅ ይጠቁማሉ፣ በቃ። ቁጥራቸው ጎዶሎ ሚሆነው እኩል ለእኩል እንዳይወጣ ነው። እንደ ጎል እየተደመረ ሚሄድ ነገር የለም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዛሬ ማን በለጠ ማለት ነው።

በምን በለጠ ካልከኝ፣ አንደኛ የሰራው ነገር ምን ያህል ከባድ ነው፣ ሁለተኛ እንዴት አድርጎ ሰራው፣ ሶስተኛ ምን ያህል አይነት ነገር አሳየ፣ አራተኛ ከራሱ የመጣ ነገር አለው ወይ። ከውድድር ውድድር አጠራሩ ይለያያል እንጂ መሰረቱ ይሄ ነው። የህዝብ ጩኸት እዚህ ውስጥ የለበትም።

ያንተ ደብል ከባድ ነው፣ በጣም ከባድ ነው፣ ማንም ዳኛ ያውቀዋል። ኳሷን በእግርህ ግማሽ ሜትር ብታነሳት ወጥታ እስክትመለስ ያለህ ጊዜ 0.64 ሰከንድ አካባቢ ናት፣ በዛች ውስጥ እግርህ ኳሷን ዞሮ ይመጣል፣ እሱ ነጠላው አራውንድ ዘ ወርልድ ነው። ሁለቴ ለመዞር ጊዜውን እጥፍ ላድርገው ካልክ ኳሷን በ4 እጥፍ ከፍ ማድረግ አለብህ፣ ማለትም 2 ሜትር፣ 2 ሜትር የወጣች ኳስ ደሞ ስትወርድ ፈጥና ስለምትመጣ እግር ላይ አትቀመጥም፣ ነጥራ ነው ምትሄደው። ስለዚ ያለህ አማራጭ ኳሷን ዝቅ አድርጎ እግርን ማፍጠን ነው፣ እሱ ደሞ የወራት ስራ ነው። ክብሩን አልነፍግህም።

ግን ሁለቴ ወደቀብህ። የወደቀ አብዶ እንደተሰራ አይቆጠርም፣ እንደተሞከረ ነው። ሌላው ልጅ ምን እንደሰራ አልፃፍክልኝም፣ ምናልባት ከእግር ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ አንገት፣ ከዛ ቁጭ ብሎ መሬት ላይ አንቀርቅቦ ተነስቶ ይሆናል። ፍሪስታይል የእግር ብቻ አይደለም፣ ቆሞ በእግር ሚሰራው አለ፣ ከደረት በላይ በትከሻ በአንገት በጭንቅላት ሚሰራው አለ፣ ተቀምጦ ሚሰራው አለ፣ በእጅ ቆሞ ኳሷን በእግር ይዞ ሚሰራው አክሮባት አለ። 3 ዙር ሙሉ እግር ብቻ ያሳየ ልጅ በአይነት ብዛት ተበልጦ ነው ሚገባው።

እኔ ራሴ አምና ኮዬ ፈጬ ላይ ዳኛ ሆኜ ተቀምጬ ነበር፣ ያኔ የሆነውን ልንገርህ። አንደኛው ልጅ ሲሰራ ሰፈሩ ቀውጢ ሆነ፣ ጩኸቱ ውስጤ ገባና ወደሱ ጠቆምኩ። ማታ በስልክ የተቀረፀውን ድምፁን አጥፍቼ ሳየው ልጁ ከእያንዳንዱ አብዶ በኋላ ኳሷን ሁለት እርምጃ ሮጦ ነበር ሚደርስባት። ሌላኛው ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፣ ኳሷ ሁሌ ጫማው አፍንጫ ላይ ነው ምታርፈው፣ አንዱን አብዶ ከሌላው ጋር መሀል ላይ ተራ ንክኪ ሳያስገባ ነው ያያያዘው፣ ይሄ ኖ ተች ሚባለው ነው፣ ክብደቱን በጣም ይጨምረዋል። ልጁን በድዬዋለሁ፣ በነጋታው ሄጄ ነግሬዋለሁ። ከዛ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ ማየው ከአብዶው በኋላ ኳሷ የት እንዳረፈች ነው። አንተም ቪዲዮህ ካለ ድምፁን አጥፍተህ እየው።

ከባዱን ነገር አትተወው፣ በልምምድ ከ10 ሙከራ 8ቱን እስክትይዘው ግን ለመጨረሻው ዙር አታስቀምጠው። ክብደት ብቻ ሚዳኝበት ደሞ ራሱን የቻለ ዘርፍ አለ፣ ሲክ ስሪ ይባላል፣ ከባድ ከባድ የሆኑ 3 ኮምቦ፣ ማለትም የተያያዙ አብዶዎች ብቻ ሰርተህ በነሱ ነው ምትመዘነው። አንተ የዛ ሰው ትመስለኛለህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ 17 አመቴ ነው፣ የካ አባዶ ነው ምኖረው። ኳስ ማንቀርቀብ ከጀመርኩ 2 አመት ሆነኝ፣ አንገቴ ላይ አስቀምጬ ሹራቤን ማውለቅ እችላለሁ። ሴት ትወዳደራለች ወይ? የአለም ደረጃ ሚባለውስ እንዴት ነው ሚገኘው፣ የሆነ ፌዴሬሽን ካልመዘገበሽ አትገቢም ይሉኛል ልጆች።

መልስ፦ እህቴ፣ ኳስ አንገት ላይ አስቀምጦ ሹራብ ማውለቅን ብዙ ወንዶችም አይሞክሩትም። አዎ ሴት ትወዳደራለች፣ የራሷ ምድብ አላት፣ የራሷ የአለም ሻምፒዮን አላት፣ ፈረንሳይዋን ሜሎዲ ዶንሼን ፈልገሽ እያት፣ አለምን ደጋግማ ያሸነፈች ልጅ ናት፣ ላይኛው ሰውነቷም እግሯም እኩል ነው ሚሰራው።

መግቢያው ሁለት አይነት ነው። አንደኛው ክፍት ውድድር ነው፣ ትልቁ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ሚደረገው ሱፐር ቦል ነው፣ ከየአለሙ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ተመዝግቦ የመጣ ሁሉ ይሞክራል። ያን ሁሉ ሰው ባትል ማጋጠም ስለማይቻል መጀመሪያ ሰርክል አለ፣ ጥቂት ጥቂት ሆነው ክብ ሰርተው ይቆማሉ፣ በየተራ ይሰራሉ፣ ዳኞች እያዩ ጥሩዎቹን ያሳልፋሉ፣ ያለፉት ናቸው ጥሎ ማለፍ ውስጥ ሚገቡት። እዛው ላይ ባትል ብቻ ሳይሆን ሩቲን አለ፣ ብቻሽን በራስሽ ሙዚቃ ያዘጋጀሽውን ምታሳዪበት፣ ያልኩት ሲክ ስሪም አለ። ሁለተኛው ከሀገር ማጣሪያ እየተለቀመ ሚሄደው ነው፣ ሬድ ቡል ስትሪት ስታይል፣ በፈረንጆቹ 2008 ሳኦ ፓውሎ ነው የአለም ፍፃሜው የተጀመረው፣ 2010 እዚሁ አፍሪካችን ኬፕ ታውን ነበር፣ 2012 ጣሊያን ሌቼ ላይ ጃፓናዊው ኮታሮ ቶኩዳ አሸንፏል። 2020 በኮሮና ጊዜ ደሞ በቪዲዮ ነበር የተካሄደው፣ ይሄንን ልብ በይ፣ ከየካ አባዶ ሳትወጪ በስልክ ቀርፀሽ መላክ ሚቻልበት መንገድ ታይቷል ማለት ነው። አፍሪካ ውስጥም ሌጎስ ላይ አህጉራዊ ሻምፒዮና ተደርጓል።

ደረጃ ሚባለው ማንም ቢሮ ተቀምጦ ሚሰጠው አይደለም፣ ከውድድር ውጤት ነው ሚመጣው፣ ትልቅ ውድድር ላይ ሩቅ የሄደ ብዙ ነጥብ ይይዛል፣ ትንሽ ውድድር ያሸነፈ ትንሽ። ስለዚ አንድም ውድድር ያልገባ ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዝርዝሩ ላይ የለም። አንቺ አሁን ሚያስፈልግሽ ሳትቆርጪ የተቀረፀ ቪዲዮ ነው፣ ኤዲት የበዛበትን ማንም አያምነውም። አንገትሽ ላይ ኳሷ እያለች ትከሻሽን እስክስታ ሞክሪው። ይሄን ስል ዝም ብዬ አይደለም፣ ዳኛ ከራስ የመጣ ነገር ይፈልጋል፣ አብዶ በሰሪው ስም እስከመጠራት ይደርሳል፣ ሆላንዳዊው ሱፊያን ቱዛኒ ስሙ ዛሬም ቱዛኒ አራውንድ ዘ ወርልድ ሲባል ይጠራል። እስክስታን ከኛ በላይ ማን ያመጣዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ 16 አመቱ ነው፣ ገላን ነው ምንኖረው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ኳስ ነው፣ ጫማ በሁለት ወር ይጨርሳል፣ ግጥሚያ እንኳን አይጫወትም ብቻውን ነው ሚያንቀረቅበው። ይሄ ስፖርት ነው? ፊፋ ያውቀዋል? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስፖርት ነው። ፊፋ አይደለም ሚያስተዳድረው፣ የራሱ የአለም ማህበር አለው። የመጀመሪያውን የ2008 የአለም ፍፃሜ ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሾን ጋርኒየር ራሱ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሊሆን ሲሰለጥን ጉዳት መንገዱን ዘግቶበት ነው ወደዚህ የመጣው፣ ከዛ ስሙ አለምን ዞረ። እንጀራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከዚህ ሚኖሩት ጥቂት ናቸው፣ ገንዘቡም ከሽልማቱ ይልቅ ከማስታወቂያና ከመድረክ ትርኢት ነው ሚመጣው። ስለዚ ትምህርቱን ይያዝ፣ ኳሱንም አይከልክሉት፣ በቀን አንድ ሰአት ተኩል በትክክል ከሰራ ከበቂ በላይ ነው። ጫማውን ደሞ አይተውት ከሆነ ሚያልቀው ሶሉ አይደለም፣ አፍንጫው ነው፣ ኳሷን ሚያነሳበት ቦታ። አዲስ እያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደው አፍንጫው ላይ ለስላሳ ቆዳ ያስለጥፉለት፣ ይቆይለታል፣ ኳሷም አትንሸራተትበትም። ጉልበቴን ካለዎት ግን ቸል አይበሉ፣ ኮብልስቶን ላይ እንዳይዘል ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነን፣ 14 ልጆች አለን፣ አንድ ስፒከር አለን፣ ብር የለንም። ባለፈው ሞክረን በፀብ ተበተነ፣ ሁሉም ዳኛው ጓደኛው ነው አለ። እንዴት እናዘጋጅ?

መልስ፦ ብር አያስፈልጋችሁም፣ ፀቡ የመጣው በምን እንደምትዳኙ አስቀድማችሁ ስላልተነጋገራችሁ ነው። ላይ ለቱሉ ዲምቱው ልጅ የዘረዘርኳቸውን 4 ነገሮች ካርቶን ላይ ፅፋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ዳኛ 3 ይሁን፣ ቢያንስ ሁለቱ ከሌላ ብሎክ ወይ ከሌላ ሰፈር ይምጡ፣ ተራርቀው ይቀመጡ፣ እስኪጠቁሙ ድረስ አይነጋገሩ፣ እኩል ይጠቁሙ። አንዱ ሌላውን አይቶ እጁን ካነሳ 3 ዳኛ አላችሁ አይባልም።

14ታችሁን 5፣ 5፣ 4 አድርጋችሁ በሰርክል ጀምሩ፣ 8 ልጅ ይለፍ። 8 ልጅ ጥሎ ማለፍ 7 ባትል ነው፣ በ3 በ3 ደቂቃ 21 ደቂቃ፣ እረፍትና ጭቅጭቅ ጨምራችሁ አንድ ሰአት። በሰርክሉ አንደኛ የወጣው ከስምንተኛው ጋር፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጋር ይግጠም፣ ጎበዞቹ ገና በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ እንዳይጨራረሱ። ሙዚቃውን ተወዳዳሪ አይምረጥ፣ ስፒከሩን የያዘው ልጅ የመጣለትን ይልቀቅ፣ ለሁለቱም እኩል ነው። ሰአት ሚይዝ አንድ ሰው ይኑር፣ 30 ሰከንድ ሲሞላ ያፏጭ።

ኳሷ አንድ ትሁን፣ ለሁሉም ያቺው። መደበኛዋ 5 ቁጥር ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሴንቲ ናት፣ ብዙ ፍሪስታይለር ከሷ ትንሽ አነስ ያለችዋን 4 ተኩል ይወዳል፣ እናንተ ያለቻችሁን ተጠቀሙ ግን ጎሚስታ ቤት ስታስነፏት እንደ ጎማ እንዳያጠነክራት ሰውዬውን ንገሩት፣ በአውራ ጣት ስትጫኗት ትንሽ እሺ ትበል፣ ካልሆነ ከእግር ላይ ትነጥራለች። ቦታውን ከኮብልስቶኑ አንስታችሁ ሲሚንቶ ወዳለበት ወስዳችሁ አሸዋውን ጥረጉት። ሰአቱን ደሞ ከሰአት አታድርጉት፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ከ8 ሰአት በኋላ ሚነሳውን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ አንገት ላይ ያለችን ኳስ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰአት ተኩል ላይ ጀምሩ፣ ሶስተኛ ዳኛ ካጣችሁ ፃፉልኝ፣ እመጣለሁ።